የካሊፎርኒያ ከተሞች ምግብ፦ ታኮው የት፣ ቡሪቶው የት፣ እንጀራው የት ይሻላል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ገንዘቡን ከፍሎ ቅር ብሎት የሚወጣ ተመጋቢ ብዙውን ጊዜ የሳተው ምግብ ቤቱን ሳይሆን ከተማውን ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ገብቶ ታኮ ያዛል፣ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ቡሪቶ፣ ሳንዲያጎ ገብቶ ፎ (የቬትናም የኑድል ሾርባ)። ሁሉም ቦታ ሁሉም አለ። በርካሽና በሚገባ የሚሠራው ግን በዚያ ሰፈር የሚኖረው ሕዝብ ዕለት ዕለት የሚበላው ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሥጋው ቶሎ ስለሚያልቅ አያድርም፣ ሠሪው ያንኑ ሲሠራ ስለሚውል ባለሙያ ይሆናል፣ ደንበኛውም ከእናቱ እጅ ጋር እያነጻጸረ ስለሚበላ ሲበላሽ ዝም አይልም። ስለዚህ ስልክ ላይ ያሉትን ኮከቦች ከመቁጠር በፊት ሰፈሩን መምረጥ ይቀድማል።

እዚህ የምናነጻጽረው ለአንድ ሰው ከ10 እስከ 40 ዶላር የሚያስወጣውን ተራ ምሳና እራት ነው። ዋጋዎቹ ግምት ናቸው። የሥራ ሰዓትም በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት የሜክሲኮ ምግቦች

ሎስ አንጀለስ የታኮ ከተማ ናት። እዚያ ታኮ ማለት መዳፍ የምታክል የበቆሎ ቂጣ (ቶርቲያ)፣ ሥጋ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ የድንብላል ቅጠልና ሳልሳ (የቃሪያ ማባያ) ነው። አይብም ሰላጣም የለበትም። አንዱ ከ2 እስከ 4 ዶላር ያወጣል፤ አዋቂ ሰው ከ3 እስከ 5 ይበቃዋል። በጣም የሚፈለገው አል ፓስቶር ነው። ቅመም የተለወሰው ሥጋ ቀጥ ባለ ብረት (ትሮምፖ) ላይ ተደራርቦ ከእሳት ፊት እየዞረ ይጠበሳል፤ አናቱ ላይ አናናስ ይቀመጣል። አሠራሩን ወደ ሜክሲኮ ያመጡት የሊባኖስ ስደተኞች ናቸው፤ ሻዋርማ የሚመስላችሁም ለዚህ ነው። በላ ብሪያና በቬኒስ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የሚቆመው የሊዮስ ታኮስ የምግብ መሸጫ መኪና በዚህ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ትሮምፖው በደንብ የሚሠራው ከመሸ በኋላ ነው፤ የሥጋው ዳር ጥቁር ቡናማ እስኪሆን ጊዜ ይፈልጋል፣ ተቆርጦ ቶሎ ቶሎ እንዲሸጥም ብዙ ሕዝብ ያስፈልገዋል። ገበያ ያጣ መኪና ሥጋውን አስቀድሞ ቆርጦ በትሪ ያስቀምጥና ምጣድ ላይ እያሞቀ ይሰጣል፤ ይህ ደረቅና ጨዋማ ይሆናል። ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቆማችሁ እጁን ተመልከቱ። ከብረቱ ላይ በቀጥታ ወደ ቂጣው የሚቆርጥ ከሆነ ተሰለፉ።

አል ፓስቶር ግን የአሳማ ሥጋ ነው። ካርኒታስ፣ ቡቼና ቺቻሮንም እንዲሁ፤ ቾሪሶም አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው። አሳማ የማይበላ ሰው አሳዳ (ጥብስ)፣ ሱዋዴሮ (ስስ የጎን ሥጋ)፣ ሌንጓ (ምላስ) ወይም ካቤሳ (የጭንቅላት ሥጋ) ቢያዝ የበሬ ሥጋ ያገኛል። ከሁሉም ንጹሕ ምርጫ በከሰል የተጠበሰ አሳዳ ነው። ሱዋዴሮ ራሱ የበሬ ቢሆንም ብዙ ቤቶች በአንድ ጎድጓዳ ምጣድ ስብ ውስጥ ከአሳማ ሥጋ ጋር ያበስሉታል። ቢሪያ (በቅመም መረቅ የበሰለ ሥጋ) በፍየል ወይም በበሬ ይሠራል፤ «ቺቮ» ካሉ ፍየል፣ «ሬስ» ካሉ የከብት ነው። «ሴርዶ» ወይም «ፑዌርኮ» የሚል ቃል ከሰማችሁ አሳማ ነው። እነዚህን አራት ቃላት መያዝ ከማንኛውም የስልክ አስተርጓሚ ይሻላል።

ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ የቡሪቶ ናት፤ ሰፈሩም ሚሽን ነው። የሚሽን ቡሪቶ ከ12 እስከ 18 ዶላር ያወጣል። ትልቅ የስንዴ ቂጣ በእንፋሎት ይለሰልስና ሩዝ፣ ባቄላ፣ ሥጋና ሳልሳ ተሞልቶ በአሉሚኒየም ወረቀት ይጠቀለላል። «ሱፐር» ካላችሁ አይብ፣ አቮካዶና ክሬም ይጨመርበታል፤ ያኔ አንዱ ለሁለት ሰው ምሳ ይሆናል። በ24ኛው መንገድ የባርት ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች አሉ፣ በጣምም ይለያያሉ። ላ ታኬሪያ ሩዝ አይጨምርም፤ ስለዚህ ሥጋው በደንብ ይታወቃል። እዚያ «ዶራዶ» በሉ፤ ተጠቅልሎ ካለቀ በኋላ ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን ይገለብጡታል፣ ቂጣው ይንኮሻኮሻል። ኤል ፋሮሊቶ ሩዙንም ባቄላውንም ይሞላል፣ አምሽቶም ይሠራል። ተርቦ ለመጥገብ ኤል ፋሮሊቶ፣ ጣዕም ለማወቅ ላ ታኬሪያ ነው ምርጫው።

ቡሪቶ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ወረቀቱን በአንድ ጊዜ መግፈፍ ነው፤ ቂጣው የሚደገፍበት ስለሚያጣ ይቀደዳል። ከላይ ሁለት ጣት ያህል እየቀደዳችሁ ወደ ታች ውረዱ። ሁለተኛው ቀጭን ሳልሳ አስጨምሮ ቤት ድረስ መውሰድ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈው እርጥበቱ ቂጣውን ያሟሟዋል። ለመውሰድ ከሆነ ሳልሳውን ለብቻ በትንሽ ዕቃ ተቀበሉ።

ሳንዲያጎ ከሜክሲኮ ድንበር ጋር ተያይዛ ስለምትኖር የምግቧ ዝንባሌ ከድንበሩ ማዶ ወዳለው የሜክሲኮ ግዛት፣ ወደ ባሃ ካሊፎርኒያ ነው። የዓሣ ታኮ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ነጭ ዓሣ፣ የተከተፈ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ስጎና ሎሚ ነው። ሩቢዮስ የተባለው ድርጅት በ1983 ሚሽን ቤይ አካባቢ በከፈተው ቤት ይህን ምግብ በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ አስለምዶታል። ዛሬ ግን ከሰንሰለት ድርጅቱ ይልቅ በየሰፈሩ ያሉት ትንንሽ ሱቆች የተሻለ ይሠራሉ፤ ዓሣውን ስታዙ ስለሚጠብሱት ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከቀረበላችሁ ቀድሞ የተጠበሰ ነው ማለት ነው።

ሌላው የከተማዋ ልጅ ካሊፎርኒያ ቡሪቶ ነው፦ የበሬ አሳዳ፣ አይብና ድንች ጥብስ፣ ሩዝና ባቄላ የሌለው። ስማቸው በ«ቤርቶስ» የሚያልቅ ብዙ ቤቶች (ሮቤርቶስ፣ አልቤርቶስና የመሳሰሉት) ይሸጡታል፤ አንዳንዶቹ 24 ሰዓት በመኪና መስኮት ያስተናግዳሉ። ይህን ምግብ ለመውሰድ ባታዙት ይሻላል። ድንቹ አሥር ደቂቃ ካለፈው ይላቆጣል፣ ምግቡ ደግሞ በድንቹ ነው የቆመው።

በአጭሩ፣ ከጓደኞች ጋር ከመሸ በኋላ ቆማችሁ የምትበሉ ከሆነ ሎስ አንጀለስን የሚያክል የለም። በአንድ ምግብ ቀኑን ሙሉ ለመዋል ሳን ፍራንሲስኮ፣ ልጆች ይዞ ባሕር ዳር ለዋለ ሳንዲያጎ።

ኮሪያ ታውን፣ ሳን ገብርኤል ሸለቆ፣ ሳን ሆዜ

የሎስ አንጀለሱ ኮሪያ ታውን ብዙ ሰው ሆኖ ለመብላት ይመቻል፤ ለሁለት ሰው ብቻ ግን ውድ ነው። ሥጋ በጠረጴዛው ላይ ባለ ምጣድ የሚጠበስባቸው ቤቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። «የቻላችሁትን ብሉ» የሚሉት ለአንድ ሰው በግምት ከ25 እስከ 45 ዶላር ያስከፍላሉ። በዝርዝር የሚሸጡት ደግሞ በሳህን ስለሚያስከፍሉ ሂሳቡ በፍጥነት ይወጣል፤ የሥጋው ደረጃ ግን ከፍ ያለ ነው። የመጀመሪያውን ከመረጣችሁ ሦስት ደንቦችን ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ፦ መላው ጠረጴዛ አንድ ዓይነት ማዘዝ አለበት ወይ፣ የሰዓት ገደቡ ስንት ነው (ብዙ ጊዜ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ)፣ የተረፈ ሥጋ ያስቀጣል ወይ።

አጠባበሱም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ያልተዘፈዘፈውን ስስ የበሬ ሥጋ፣ መጨረሻ ላይ ካልቢን (ጎድን) እና ቡልጎጊን (በስሱ የተቆረጠ ሥጋ) ጥበሱ። ሁለቱ በአኩሪ አተር ስጎና በስኳር የተዘፈዘፉ ስለሆኑ ስኳሩ ምጣዱን ያጠቁረዋል፤ ቀድመው ከገቡ ቀሪው ሥጋ ሁሉ ምሬት ይይዛል። ከጠቆረ «ምጣዱን ቀይሩልን» ማለት የተለመደ ጥያቄ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። በትንንሽ ሳህን የሚመጡት ማባያዎች ሲያልቁ በነጻ ይደገማሉ። አሳማ የማይበላ ሰው አሳማ ከሚበላ ጋር አንድ ምጣድ መጋራቱ ስለማይቀር፣ ከወዲሁ ተነጋግራችሁ ሁላችሁም በበሬ ተስማሙ ወይም ሁለት ምጣድ ያለው ጠረጴዛ ጠይቁ።

ለቻይና ምግብ የሚሄድ ሰው የሎስ አንጀለስን መሐል ከተማ ትቶ ወደ ምሥራቅ ይንዳ። ሞንቴሬይ ፓርክ፣ አልሃምብራ፣ ሳን ገብርኤልና አርኬዲያ ተቀራርበው የቆሙ ከተሞች ናቸው። የታይዋኑ ዲን ታይ ፈንግ በ2000 የመጀመሪያ የአሜሪካ ቅርንጫፉን የከፈተው አርኬዲያ ውስጥ ነው። በዚህ አካባቢ ያለው ጥቅም ምርጫው በክፍለ ሀገር መከፋፈሉ ነው፤ የሴችዋን፣ የካንቶን፣ የሻንጋይ እየተባለ ቤቱ ይለያል። «የቻይና ምግብ» ብላችሁ አትፈልጉ፤ የክፍለ ሀገሩን ስም ጨምሩ። ሾርባ ያለበት የተጠቀለለ ሊጥ (ሺያዎሎንግባዎ) በተለምዶ ውስጡ አሳማ ነው፤ የዶሮ ያላቸው ቤቶችም አሉ።

ሳን ሆዜን መንገደኛ ሁሉ ያልፋታል፣ ይህ ያሳዝናል። ከቬትናም ውጭ ካሉ ከተሞች ሁሉ ብዙ ቬትናማውያን የሚኖሩባት እሷ ናት። ስቶሪ ሮድ አካባቢ ባሉት ቤቶች አንድ ጎድጓዳ ፎ በግምት ከ13 እስከ 18 ዶላር ነው። የበሬ አጥንት ለሰዓታት የተቀቀለበት መረቅ፣ የሩዝ ኑድልና ሥጋ አለው። «ታይ» ጥሬ ስስ ሥጋ ነው፤ የሚበስለው በመረቁ ትኩሳት ነው። «ቺን» የበሰለ፣ «ጋን» ጅማት፣ «ሳክ» ጨጓራ ነው። ጥሩ መረቅ ያለው ቤት የሚታወቀው ስጎ ሳትጨምሩ ስትቀምሱት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ቀይና ጥቁር ስጎዎች ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ሁሉም ቤት አንድ ይሆንባችኋል። ምሳ ሰዓት ከመጨናነቁ በፊት፣ እስከ 11 ሰዓት ተኩል (በአሜሪካ አቆጣጠር) ድረስ ድረሱ። በሳምንቱ መሐል አንድ ቀን የሚዘጉ ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ስልክ መደወሉ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ባን ሚ የተባለው ሳንድዊች ካልጠየቃችሁ በቀር ከአሳማ ሥጋና ከጉበት ቅባት ጋር ይመጣል፤ በዶሮ ወይም በበሬ አሠሩት፣ ቅባቱንም አስቀሩ።

እንጀራው፦ ፌርፋክስ ወይስ ኦክላንድ?

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለው ክፍል ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባላል። ምግብ ቤቶቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ እየዞሩ ምናሌና ወረፋ አይቶ መወሰን ይቻላል፤ ከምሳ በኋላም በርበሬ፣ ቡናና ዕጣን እዚያው ገዝቶ መመለስ ነው። በኦክላንድና በበርክሊ ግን ቤቶቹ በቴሌግራፍ ጎዳናና ከዚያ ወዲያ ተበታትነዋል፤ የኤርትራ ቤቶችም አብረው አሉ። ካፌ ኮሉቺ ቅመሙን በራሱ የቅመም ሥራ ስለሚያዘጋጅ ወጡ ከሌሎች የተለየ ጠረን አለው። ዋጋው በሁለቱም ከተሞች ተቀራራቢ ነው፤ ለሁለት የሚሆን በያይነቱ ሦስት ሰው ያጠግባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረንጅ ጓደኛ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ፌርፋክስን ምረጡ፤ ቦታው ራሱ የሚታይ ነው። ለወጥ ጥራት ብቻ ከሆነ ኦክላንድ ሚዛን ይደፋል፣ በተለይ መኪና ላለው ሰው።

በሁለቱም ቦታ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ እንጀራው። አሜሪካ ውስጥ ጤፍ ውድ ስለሆነ ብዙ ቤቶች ገብስ፣ ስንዴ ወይም የፉርኖ ዱቄት ይቀላቅሉበታል። የተቀላቀለው ነጣ ይላል፣ እንደ ስፖንጅ ይለጠጣል፣ ኮምጣጣነቱም አነስተኛ ነው። ስንዴ የማይስማማው ሰው «ሙሉ ጤፍ» ብሎ በዋዜማው ደውሎ ይዘዝ፤ በዕለቱ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ክትፎ። አስተናጋጁ የሌላ አገር ደንበኛ ስለለመደ ዝም ካላችሁ አብስሎ ሊያመጣው ይችላል፤ ጥሬ፣ ለብ ለብ ወይም የበሰለ ብላችሁ ለዩ። ሦስተኛ፣ ሽሮ። በቅቤ ወይስ በዘይት እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለመውሰድ ስታዙ ወጡን ለብቻ፣ እንጀራውን ለብቻ አስደርጉ። ቡና የምታስፈሉ ከሆነ ከምግቡ ጋር አብራችሁ እዘዙ፤ እስኪቆላና እስኪፈላ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ሲጨርሱ ማዘዝ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰውም ከባድ ነው።

በጾም ቀን

ሐበሻ ቤት ርቆ በጾም የተያዘ ሰው ሜክሲኮ ቤት ገብቶ ሩዝና ባቄላ ሲያዝ ጾሙን ያፈርሳል፣ ሳያውቀው። የተፈጨው ባቄላ (ሬፍሪቶስ) በአሳማ ስብ ሊጠበስ፣ ሩዙ በዶሮ መረቅ ሊበስል ይችላል፤ የስንዴ ቂጣም ስብ ሊኖረው ይችላል። የበቆሎ ቂጣ ግን በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ብቻ ነው። «ቲዬኔ ማንቴካ?» (ስብ አለው ወይ?) ብላችሁ ጠይቁ፤ «ሲን ኬሶ፣ ሲን ክሬማ» ማለት አይብና ክሬም የሌለው ማለት ነው። በቬትናምና በታይላንድ ቤቶች አትክልት በሚመስለው ብዙ ምግብ ውስጥ የዓሣ ስጎ ሊኖር ይችላል። በደቡብ ሕንድ ቤት ዶሳ (ከሩዝና ከምስር ሊጥ የሚጋገር ስስ ቂጣ) ጥሩ ምርጫ ነው፤ በቅቤ ሳይሆን በዘይት እንዲጋገር ግን ንገሩ። ቬትናማውያን ቡድሂስቶች የሚያዘወትሯቸው «ቻይ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቤቶች ሥጋም ዓሣም አያስገቡም፤ ሳን ሆዜ ውስጥ ለጿሚ ከእነዚህ የተሻለ የለም።

ሂሳቡ ሲመጣ

ምናሌው ላይ ያለው ዋጋ የምትከፍሉት አይደለም። የሽያጭ ግብር በየከተማው ይለያያል፤ በ2025 ሳንዲያጎ 7.75፣ ሳን ፍራንሲስኮ 8.625፣ ሎስ አንጀለስ 9.75 በመቶ ነበር፣ ኦክላንድ ከ10 በመቶ በላይ። ትኩስ ምግብ ይዛችሁ ብትወጡም ግብሩ አይቀርም። ጉርሻው (ቲፕ) ተቀምጣችሁ ከተስተናገዳችሁ ከ18 እስከ 20 በመቶ፣ ከመስኮት ከተቀበላችሁ እንደ ፈቃዳችሁ ነው። ሲሰላ ከግብር በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፤ የክፍያ ማሽኑ የሚያቀርበው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ግብሩንም አብሮ ያሰላል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ 40 ዶላር የበላችሁ ብትሆኑ ግብሩ 3.90፣ 18 በመቶ ጉርሻው 7.20፣ ድምሩ 51.10 ይሆናል።

ከዚህ ሌላ አንዳንድ ቤቶች 4 ወይም 5 በመቶ «የአገልግሎት» ወይም «የሠራተኛ ጤና» ክፍያ ይጨምራሉ። በ2024 የወጣው ሕግ ምግብ ቤቶች ይህን እንዲያስከፍሉ ፈቅዷል፤ ነገር ግን ምናሌው ላይ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። የታችኛውን መስመር አንብቡ። «20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ» ከተጻፈ ሌላ ጉርሻ ከመጨመራችሁ በፊት ለአስተናጋጁ ይደርሰው እንደሆነ ጠይቁ።

ሰዓትና መኪና

መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ፊደል የሚናገረው ስለ ንጽሕና ነው። በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ኤ ማለት ከ90 እስከ 100፣ ቢ ከ80 እስከ 89፣ ሲ ከ70 እስከ 79 ነጥብ ነው። በኦክላንድና በሳን ሆዜ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ካርድ ይጠቀማሉ። ጣዕሙን ግን አይነግራችሁም።

ሳን ፍራንሲስኮና ኦክላንድ ውስጥ መኪና ውስጥ ምንም አትተዉ፤ ባዶ ቦርሳ እንኳ መስኮት ያሰብራል። ወደ ሚሽን በባርት መሄድ ይሻላል። ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ የመንገድ ጽዳት ምልክቱን ከላይ እስከ ታች አንብቡ፤ አንድ ምሰሶ ላይ ሦስት ምልክት ሊኖር ይችላል፣ ቅጣቱ ከእራቱ ይበልጣል። ማክአርተር ፓርክ አጠገብ ወዳለው፣ በፓስትራሚ (ቅመም ተለውሶ በጭስ የበሰለ የበሬ ሥጋ) ሳንድዊቹ ወደታወቀው ላንገርስ በሜትሮ ባቡር መድረስ ይቻላል፤ ከ1947 ጀምሮ የቆየ ቤት ነው፣ እሑድ ዝግ ነው፣ በሌሎቹ ቀናትም ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር) ላይ ይዘጋል፤ ለእራት ብላችሁ አትሂዱ።

በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል በአምስት ቁጥር አውራ ጎዳና የምትነዱ ከሆነ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሐሉ ላይ ምርጫው ጥቂት ነው። ኬትልማን ሲቲ ያለው ኢን ኤንድ አውት የተባለው በርገር ቤት ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ድንቹ በአትክልት ዘይት ስለሚጠበስ ለጿሚም ይሆናል፣ ግን እዚያው ቁጭ ብላችሁ ብሉት፣ ቶሎ ይለሰልሳል። ተቀምጦ ሥጋ ለሚፈልግ ኮሊንጋ አጠገብ ሃሪስ ራንች አለ፤ ዋጋው ግን በእጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱን አልፋችሁ ወደ ሰሜን ከሄዳችሁ የሚቀሩት በአብዛኛው የነዳጅ ማደያ ሱቆችና የሰንሰለት በርገር ቤቶች ናቸው፤ ስለዚህ ከተራባችሁ ከሁለቱ በአንዱ ቁሙ።